የበረዶ አማካሪዋ ፋዲላ

ፋዲላ ቤይሩት በቆየችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት በየጥር ወሩ ወደ በረዶ ተራራ ወጥታለች፤ አንድም ቀን ግን በረዶው ላይ አልተንሸራተተችም። አሠሪዋ ማዳምና ባሏ ልጆቻቸውን አስከትለው ከላይ በመንሸራተቻ ሽው እያሉ ሲወርዱ እሷ ታች ቆማ የሰው ኮት ታቅፋለች። ሻንጣ የምታዘጋጀው እሷ፣ የልጆቹን ጫማ የምትቆልፈው እሷ፣ ማታ እርጥቡን ካልሲ ማሞቂያው ላይ የምትደረድረው እሷ። በመጨረሻው ዓመት ትንሿ ልጅ አንቺስ ለምን አትሞክሪም ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋ ሳቀች። ፋዲላም አብራ ሳቀች፤ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

አገሯ ተመልሳ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እናቷ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ያን ሁሉ እውቀት የሚጠይቃት አልነበረም። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው በረዶ ማለት በሐምሌ ጣራ የሚቀጠቅጥ፣ ጎመን የሚያጠፋ ነገር ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊወድቅበት የሚሄድ በረዶ አለ ብትል ማን ይሰማታል? ጎረቤቷ ሰርክ ግን ሰምታታለች። ሰርክ መገናኛ አካባቢ አንድ የጉዞ ወኪል ቤት ጸሐፊ ናት፤ አለቃዋ ግሩም ባለጸጎችን አውሮፓ ወስዶ በረዶ ላይ ሊያንሸራትት ሲነሳ፣ የሚያውቅ ሰው አለኝ አለችው።

ግሩም ሠላሳ ያልሞላው፣ በረዶን ከስልኩ ላይ በቀር ያላየ ጎረምሳ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል አዳመጣትና እዚያው አማካሪ አድርጎ ቀጠራት። "ከቡድኑ ጋር ትሄጃለሽ" አላት፤ "አሠልጣኝ ይያዝልሻል፤ አንቺም ትንሸራተቻለሽ።" ደመወዙ ይህን ያህል አልነበረም። ፋዲላ ሥራውን የያዘችው ለዚህች ቃል ስትል ነው፤ ወደ ቤት ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ለብቻዋ ፈገግ ስትል ረዳቱ ሳይቀር አይቷታል።

ለደንበኞች "ከቤይሩት የመጡ የበረዶ ስፖርት ባለሙያ" እያለ አስተዋወቃት። ዝም አለች። ዝም ማለቷ ጥፋት ከሆነ ጥፋት ነው፤ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነበር? ልብሱን አትግዙ፣ እዚያው ይከራያል፣ ለሳምንት ጨዋታ ሻንጣ አትሙሉ አለቻቸው። ይሞቀናል ብላችሁ ሁለት ካልሲ አትደርቡ፣ እግራችሁን አስሮ ያደነዝዘዋል፤ አንድ የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ፀሐዩ ከበረዶው እየነጠረ ፊት ይልጣልና ክሬም አትርሱ። አሠልጣኝ ከዚሁ ሳትነሱ አስይዙ፤ ባል ሚስቱን ላስተምር ያለ እንደሆነ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተኳርፈው ይወርዳሉ። ሰው እግሩን የሚሰብረው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ቻልኩ ብሎ በሚኮራበት በሦስተኛው ነው። ልጅ ደግሞ ያን ሁሉ ልብስ ከመልበሱ በፊት ሽንት ቤት ይግባ። ሰዎቹ ይህን ሁሉ ጻፉት። በተለይ ጵርስቅላ የምትባል የሁለት ልጆች እናት አንድ ቃል አላመለጣትም፤ "እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር" ትላት ነበር።

ግንቦት ላይ በተደረገው ስብሰባ ጵርስቅላ ስለ ቀኑ አነሳች። ሐምሌ አሥራ አምስት መሆኑ ጥሩ ነው፣ ያኔ የልጆቹ ትምህርት ቤት ይዘጋል አለች። ፋዲላ ቀኑን ያኔ ገና መስማቷ ነበር። ውጭ ካለው ሆቴል የመጣው የማስታወቂያ ወረቀት የሚያወራው ስለ ፈረንጅ ክረምት ነው፤ ግሩም ደግሞ ክረምትን በእኛ ቆጥሮ ሐምሌን ያዘ። ሆቴሉም በበጋውም በክረምቱም ክፍት ስለሆነ ለምን ብሎ አልጠየቀም።

"በሐምሌ?" አለች ፋዲላ፤ ሳቋ አመለጣት። "በሐምሌ እዚያ ተራራ ላይ ላም ነው የሚግጠው። የእነሱ ክረምት እኮ የእኛ በጋ ነው።"

ሰዉ በሙሉ ሳቀ። ግሩም ፊቱ ቀላ፤ ስህተቱን ከመቀበል ይልቅ ያሳቀችውን መምታት ቀለለው። "ፋዲላ መቼም የዓረብ ቤት ሠራተኛ ሆና ብዙ አይታለች" አለ፣ ቀልድ አስመስሎ። ጵርስቅላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አየቻት። "እንዲህ ነው እንዴ? አንቺ ታዲያ ከማን ጋር ነበርሽ?" አለች። ስድብ አልነበረም፤ ጵርስቅላ ክፉ ሰው አይደለችም። እርስዎ ግን በአንድ ትንፋሽ አንቺ ሆኖ ቀረ።

ጉዞው ወደ ጥር ተዛወረ። ፋዲላ ቢሮ መግባቷን አላቆመችም፤ ሰዎቹ ግን ጥያቄያቸውን ለግሩም ያቀርባሉ፣ ግሩም መልሱን ከፋዲላ ይወስዳል፣ እነሱም እሱን ያመሰግናሉ። ይህንንም ቻለችው። የምትሄድ መስሏት ነው የቻለችው።

ኅዳር ላይ ለቪዛ የሚገባውን ስም ዝርዝር የተየበችው ሰርክ ናት። ፋዲላን ቀና ብላ ማየት አቅቷት "ፋዲዬ፣ ስምሽ ከጵርስቅላ ሥር ነው ያለው፤ ሞግዚት ይላል" አለቻት። ፋዲላ ሮጣ ግሩም ዘንድ ገባች። ቃሉን አስታወሰችው። እሱም አልካደም፤ ነገሩ ተለውጧል፣ ጵርስቅላ ወጪሽን ልቻል ስላለች ደስ ሊልሽ ይገባል አላት።

"ልጆቹ ሲማሩ ኮታቸውን ይዘሽ ታች መጠበቅ ነው" አለ። "ለአንቺ ደግሞ አዲስ አይደለም።"

"አዎ፣ አዲስ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ" አለች ፋዲላ። "ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሰርክ ደረጃው ድረስ ተከትላ ለመነቻት፤ አልሰማቻትም። ማታ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ደግ አደረግሽ፣ ልጄ መጫወቻ አይደለችም አሉ። ጎረቤቱም ይህንኑ አለ። ፋዲላ ሁሉንም እሺ እያለች ሰማች።

እነ ጵርስቅላ የበረሩ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ልብስ ስታጥብ ዋለች። ለማንም ያልተናገረችው አንድ ነገር አለ፤ ታች ቆማም ቢሆን መሄድ ፈልጋ ነበር። ይህን በመፈለጓ ደግሞ ከግሩም ይልቅ ራሷን ጠላች።