ነፋስ የፈራሁለት ልጅ

የልጅ ልጄ እጄ ላይ የገባው ገና ሰባት ወር ሳይሞላው ነው። እናቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሰፈር፣ አንድ የፈረንጅ ቤት ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ከአርብ በቀር መውጫ የላትም። የልጁ አባት ትቷቸው ከሄደ ቆይቷል፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። እኔ ደግሞ ያኔ ዘበኝነቱን ትቼ፣ ካርቲየ ሰባት ቢስ በሚባለው የድሃ ሰፈር ካለችው የቆርቆሮ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚ እቆጥር ነበር።

«አባዬ፣ ትችላለህ?» አለችኝ።

«ፕላቶ ዱ ሰርፓን ስንት ዓመት የሀብታም ግቢ የጠበቅሁ ሰው፣ አንድ ሕፃን መጠበቅ ያቅተኛል?»

«ግቢ አያለቅስማ!»

ሳቅን። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገችና፣ «ካልተመቸው ድሬዳዋ አክስቴ ጋ እልከዋለሁ። ብቻ እንዳትደብቀኝ» አለች። ድሬዳዋ ቅርብ ነው ይላሉ። በዓመት አንዴ ፈቃድ ለሚሰጣት አዳሪ ሠራተኛ ግን ከባሕር ማዶ ማለት ነው። ልጁ ከሄደ አፉን በአክስቷ ቤት ይፈታል፣ እሷን እንደ እንግዳ ያያታል። ይህን ሁለታችንም አውቀነዋል፤ አልተናገርነውም።

እውነቱን ለመናገር ልጅ አሳድጌ አላውቅም። ልጄን ያሳደገቻት ነፍሷን ይማርና እናቷ ናት። እኔ ቀን እተኛ ነበር፣ ማታ ሥራ። በመሆኑም የልጅ አያያዝ የማውቀው የእናቴን ብቻ ነው። የእናቴ አያያዝ ደግሞ የደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ ውርጭ አገር። እዚያ የልጅ ጠላቱ ነፋስ ነው። እናታችን ጠቅልላ፣ ቆብ ደፍታ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፋ ነው ያሳደገችን። እኔም ይኸው ጅቡቲ ስኖር አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ መስኮት ሲከፈት አንገቴን እሸፍናለሁ። ሰው ሁሉ ያልበዋል፣ እኔ ብርድ እፈራለሁ።

ልጁን የተረከብኩት በኅዳር ነው። በዚያ ወቅት ከተማዋ ደግ ናት። ቆብ፣ ካልሲ፣ ሹራብ፣ ከላይ ጋቢ አልብሼው ደጅ ስንቀመጥ ሰው ይስቅ ነበር እንጂ ልጁ ምንም አልሆነም። ወፈረ። አርብ አርብ እናቱ ስትመጣ በሁለት እጇ መዘን አድርጋ፣ «ኧረ አባዬ፣ ምን እያበላኸው ነው?» ትላለች። እኔም ኮራሁ። ኩራት ነው ያሳሳተኝ።

ሙቀቱ ገባ። እዚህ ሙቀት ሲገባ ቀስ ብሎ አይደለም፤ የቧንቧው ውሃ ራሱ በቀትር ያቃጥላል። ቀጥሎ ከበረሃ በኩል ያ ትኩስ ነፋስ ተነሣ። ሌላው ሰው ሙቀቱን ሲፈራ እኔ ነፋሱን ፈራሁ። መስኮቷን በካርቶን ደፈንኩ። ልጄ ያመጣችውን ቬንቲላተር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ልጁ አንገቱ ላይ ሽፍታ ወጣለት፤ ነፋስ ነው አልኩ። ተነጫነጨ፤ ጥርስ ነው አልኩ።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ዝም አለ። አላለቀሰም፣ አልጠባም፣ ጡጦውን አፉ ላይ ሳደርግለት ምላሱን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ብርድ ገብቶታል ብዬ ጋቢውን አጥብቄ ጠቀለልኩት። ያደረግሁት እሱን ነው።

ጎረቤቴ በዚህ መካከል ገባች። ደጃፏ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሶማሌ ናት፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። የድሬ ሰው ደግሞ አንቱታ አያውቅም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው።

«ልጁ ዛሬ ምነው ድምፁ ጠፋ?» አለችና ጋቢውን ገለጥ አደረገች። «አቦ! አንተ ሰውዬ፣ ልጁን ልትቀቅለው ነው እንዴ?»

«ነፋስ መትቶት ነው።»

«የምን ነፋስ? ወላሂ፣ ነፋስ ካለ ለእኔም አሳየኝ!»

ቆቡን፣ ካልሲውን፣ ሹራቡን እየገፈፈች ወዲያ ወረወረች። ካርቶኑን ከመስኮቱ ቦጨቀችው። ጥላ ሥር ከነበረው ጀሪካን ውሃ ቀድታ ሽርጧን ጫፉን ነክራ አንገቱን፣ ብብቱን፣ ጭኑን ታብሰዋለች። እኔ ቆሜ፣ «ኧረ ውሃ አታስነኪው!» እላለሁ። «ሽማግሌ፣ ዝም በል፣ ጡጦውን ያዝና ና» አለችኝ። ልጁን ታቅፋ ወጣች፤ እኔም ጡጦውን ይዤ ተከተልኳት።

ሰዓቱ ሰባት ሆኗል። ጅቡቲን የሚያውቅ ያውቃል፤ በዚያ ሰዓት ጫት ይገባል፤ ታክሲ ሁሉ ወደ ጫቱ ነው የሚበረው። ሁለቱ አለፉን። ሦስተኛው ላይ ጎረቤቴ መሐል መንገድ ገብታ ቆመች። ሹፌሩ በሶማልኛ ጮኸ፣ እሷም ጮኸች። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ሰውየው ግን እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ አንገቱን አቀርቅሮ ነዳ።

ነርሷ ልጁን ተቀብላ ሙቀቱን ለካች፣ ከንፈሩን አየች። ከዚያ ጣቴን ይዛ አናቱ ላይ አደረገችው። እርግብግቢቱ ጎድጉዷል። ሁልጊዜ ቆብ ስለምደፋበት ለካ አናቱን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ነርሷ በፈረንሳይኛ ጠየቀች፤ ጎረቤቴ ተረጎመችልኝ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና ነው የምትልህ።»

እኔ ቂሉ ደስ አለኝ። የማውቀውን ተጠየቅሁ። «ይህ ልጅ ጨዋ ነው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ዳይፐሩን አላረጠበም በያት!»

ጎረቤቴ የልጁን ደረቅ ዳይፐር ነካ አደረገች። አየችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ጨዋነት አልነበረም፤ የልጁ ውሃ በላብ አልቆ፣ ገላው ደርቆ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ነርሷ ግን አልተቆጣችም። በውሃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት በጠበጠች፣ የሻይ ማንኪያ ሰጠችኝ። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ መቆየት፣ አንድ ማንኪያ። ቶሎ ቶሎ ከሰጠኸው ያስመልሰዋል፣ ቀስ በል አለች። ቀስ ማለትማ ከሆነ የእኔ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በመዘግየቴ ስሰደብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ ሳምቡሳዋን ትታ መምጣቷ ትዝ ሲላት ሮጣ ሄደች፤ እኔ ማንኪያዬን ይዤ ቀረሁ። የመጀመሪያዎቹ በአገጩ ፈሰሱ። ቆይቶ አንዷን ዋጠ። ቆይቶ ማንኪያውን ነከሰ። ነርሷ እየተመላለሰች ታየዋለች። ቬንቲላተሩ በላያችን ይዞራል፤ አልፈራሁትም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም ጭኔን ሞቅ አለኝ። ሱሪዬ ራሰ። «ሸና! ሸናብኝ!» ብዬ ብድግ አልኩ። ተራ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ከመካከላቸው አንዷ እልል አለች፤ በምን ቋንቋ እንደሰማችኝ እንጃ። ከዚያ በኋላ ልጁ ለቅሶውን ለቀቀው፤ በሕይወቴ ያን ያህል የጣመኝ ድምፅ የለም።

አርብ ጠዋት ልጄ መጣች። ልጁ በዳይፐር ብቻ ምንጣፉ ላይ ይድሃል፤ ሽፍታው መክሰም ጀምሯል። ጎረቤቴ «አትንገራት፣ አለፈ እኮ» ብላኝ ነበር። እኔም ሌሊቱን... ይቅር፣ ሌሊቱን አላነሣም፤ ብቻ ልደብቅ አስቤ ነበር። ልጁን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ግን እንዳትደብቀኝ ብላኛለች። ቁጭ አስደርጌ ከቆቡ እስከ ማንኪያው ነገርኳት። የዳይፐሩን መድረቅ ጨዋነት ነው ማለቴን ጭምር።

ሰምታ እንደጨረሰች ልጁን አንስታ አናቱን ዳበሰችው።

«አባዬ፣ እኔም ልንገርህ» አለች በመጨረሻ። «እዚያ ቤት የምይዛት ሕፃን አለች አይደል? ማዳም ስትወጣ ኤርኮንዲሽነሩን አጥፍቼ በብርድ ልብስ እጠቀልላት ነበር። ማዳም ደርሳብኝ፣ ልጄን ልትጨርሻት ነው ብላ ጮኸችብኝ። እብድ ናት ብዬ ነበር።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

እሷ መሳቅ ጀመረች፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ልቤ ግን ገና አላረፈም።

«እንግዲህ ድሬዳዋ ትልኪዋለሽ?» አልኳት።

«አክስቴ ጋ?» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አክስቴ እኮ ያንተው እህት ናት፤ አንድ እናት ናት ያሳደገቻችሁ! አንተ በአንድ ጋቢ ከጠቀለልከው እሷ በሁለት ነው። አንተ አሁን ተምረሃል፤ እሷን ማን ያስተምርልኛል?»

ልጁን መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና ማንኪያ ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች።