ዓሣ አጥማጁ ያልተመለሰበት መንደር

ሥራ የጀመርሁት ጣና ዳር ባለችው ከተማችን፣ ፔዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ባለሁለት ክፍል ቢሮ ነው። አለቃችን አቶ ይልቃል ብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ቆይተው የቪዲዮ ጌም መሥሪያ የከፈቱ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ ቀኔ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡኝና በጣና ዳር አምሳል የተሠራ መንደር አሳዩኝ። ተጫዋቹ በፈለገው አቅጣጫ የሚዞርበት ሰፊ ዓለም ነው። ውኃው ያምራል። አርባ የሚሆኑት የመንደሩ ሰዎች ግን ወዲያ ወዲህ ይላሉ እንጂ የሚሄዱበት የላቸውም።

«ትርንጎ፣ በድን ነው» አሉኝ። «ነፍስ ዝሪበት።»

ሥራዬ የሰዎቹን የቀን ውሎ መጻፍ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ሰንጠረዥ አለው፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፣ በአንድ ሰዓት ይወጣል፣ በአምስት ሰዓት ይመለሳል። እኔ እጽፋለሁ፣ ፕሮግራመራችን ሀብታሙ ወደ ኮድ ይለውጠዋል።

ከወንበር ሳልነሣ የምጽፈው ስላልጣመኝ ደብተር ይዤ ሐይቁ ዳር መውረድ ጀመርሁ። እዚያ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትን አያ ሰዒድን አገኘሁ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ። «ሰው እንዴት እንደሚውል መጻፍም ሥራ ሆነ?»

ልጃቸው ጀማል አባቱ በሠሩት ታንኳ ዓሣ ያጠምዳል። እሱ ነገሩ ቶሎ ገባው። ማለዳ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመለስ፣ ገና ሩቅ ሳለ «መጣሁ! ቅርጫት አቅርቡ!» እያለ ይጣራል። ዓሣ ነጋዴዎቹ ሴቶች ከዳር ቆመው ይጠብቁታል። አስፈቅጄ ድምፁን በስልኬ ቀዳሁ። ውሎውንም ስሙንም ጌሙ ውስጥ አስገባሁ።

አንድ ቀን ሐይቁ ላይ ድንገት ነፋስ ተነሣ። ጀማል አልተመለሰም። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ደንገል ውስጥ ተገኘ።

ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ሳለሁ ዓይኔ የለመደውን ይለቅማል፤ የተገለበጠውን ታንኳ፣ ባዶ ቅርጫቶቹን፣ ማን ለማን ውኃ እንደሚያቀርብ። ሳላስበው እጄ ደብተሬን ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ፋጡማ አየችኝ።

«ዛሬም ትጽፊያለሽ?» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ቢሮ ስመለስ ጀማል በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደ ወትሮው «መጣሁ!» ይላል። ሀብታሙ ድምፁን ዘግቶ መሥራት ጀመረ። አቶ ይልቃል «ይቆይ፣ መታሰቢያ ይሆነዋል» አሉ። ይህን የምንወስነው እኛ አይደለንም ብዬ ከአርባው ቀን በኋላ ወደ አያ ሰዒድ ሄድሁ።

«እናንተ ዘንድ አሁንም ይወጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይወጣል፣ አያ።»

«ይመለሳልም?»

«በየቀኑ ይመለሳል።»

የያዙትን ደንገል መሬት ላይ አኖሩት። «እንግዲያ አንሺው፣ ልጄ። እኔ እንደማይመለስ ለመቀበል ስንት ቀን ፈጀብኝ። እናንተ አትዋሹበት።»

በማግሥቱ ስሙንም ድምፁንም፣ ሰውዬውንም ከነታንኳው አነሣሁ። ከዚያ ጌሙን ከፍተን መንደሩን ሦስታችን ተመለከትን። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ ወደ ዳር ወረዱ። ባዶውን ውኃ እያዩ ቆሙ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላ ቅርጫታቸው በዓሣ ተሞላና ወደ ገበያ ሄዱ።

«ዓሣው ከየት መጣ?» አሉ አቶ ይልቃል።

ከሰዓቱ ነበር የመጣው። ቅርጫቱ በሁለት ሰዓት ተኩል እንዲሞላ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው ኖረም አልኖረም ለመንደሩ ለውጥ አልነበረውም። አፈርሁ። እስከዚያ ቀን የሠራሁት ሰዎችን ሳይሆን የሰዓት ቆጣሪዎችን ነበር።

ሰንጠረዡን ለመቀየር አንድ ሰው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ማወቅ ነበረብኝ። የማውቀው ደግሞ ለቅሶ ቤት ሳይፈቀድልኝ ያየሁትን ነው። ደብተሬን ቢሮ ትቼ ፋጡማን ልጠይቃት ሄድሁ። ዕቃ ስትጠቀልል ደረስሁ።

«ስሙንና ድምፁን ተይልኝ» አለች። «ሌላው የሁሉም ሰው ነገር ነው፣ ጻፊው።» ከዚያ እጇ ሥራ ሳይፈታ ነገረችኝ። ሴቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ከልማድ ብዛት እየወረዱ ይቆሙ ነበር። አንዷ ዓሣውን ትታ ሽንኩርት መሸጥ ጀመረች። አያ ሰዒድ ደንገሉን ያነሣሉ እንጂ ታንኳ ከሠሩ ቆዩ። እሷም ልጆቿን ይዛ ይፋግ፣ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ የሩዝ አጨዳ ደርሷል። ቤቱ ውስጥ የባሏ እኅት ትገባለች።

ሰዓቱን አውጥተን የአንዱን ሰው ቀን ከሌላው ሰው ቀን ጋር አሰርን። ዓሣ ካልመጣ ቅርጫት አይሞላም፤ ቅርጫት ካልሞላ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ገበያው ከቀዘቀዘ አንድ ቤተሰብ ይሰደዳል። አቶ ይልቃል «ተጫዋቹ ዓሣ ሲያጣ ይናደድብናል» ብለው ተከራከሩኝ። በመጨረሻ ጌሙ የሚወጣበትን ቀን አራዘሙልን።

ጌሙን ተጫውተው ከሚሞክሩልን ሰዎች አንዱ ሹም አቦ ሰፈር የሚኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጌሙ ውስጥ መንደሩን ትቶ ብዙ ዞሮ ሲመለስ ቀድሞ ከሚያውቀው ቤት ደጅ ቆመ። ውስጥ ሌላ ሴት አለች።

«የዚህ ቤት ሰዎች የት ሄዱ?» አለኝ።

«እኔ ልነግርህ አልችልም፣ የመንደሩን ሰዎች ጠይቅ።»

የተሰጠውን ተልእኮ ትቶ ከሰው ሰው እየጠየቀ ሄደ። ሴትዮዋን ከነልጆቿ ሩዝ ማሳ ውስጥ አገኛት። ቆሞ አያት። እኔም ከኋላው ቆሜ ነበር፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በመጀመሪያ ይህን አሠራዋለሁ። «ከመንደሩ አንድ ሰው አውጣ፤ ከዚያ የማን ቀን እንደተበላሸ ተመልክተህ ንገረኝ» እለዋለሁ። የማንም ካልተበላሸ ያ መንደር ገና አልተሠራም።