ጨሌ የተባለችው ሉል

ሽማግሌ ሆኜ ተላክሁ። ሽማግሌ ሲባል መቼም ነጠላ ያጣፉ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ወንዶች ናቸው። እኔ ግን ጉልበቷን የሚያማት አንዲት የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፤ በእጄ ያለውም በጥጥ የተጠቀለለ የሉል ሐብል ነው። የላከችኝ የዝና ናት። አዲስ አበባ ባለችው ትንሽዬ የጌጣጌጥ መሥሪያዬ ውስጥ ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ጥር ላይ ጎንደር፣ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ልትዳር ነው። አባቷ መሪጌታ ይኄይስ ግን፣ «ያን ሥራሽን ካልተውሽ ሠርግሽ ላይ አልቆምም» ብለዋታል። ምክንያቱን ብትጠይቃቸው፣ «ታውቂዋለሽ» ብለው ስልኩን ዘጉባት። እሷ ግን አታውቀውም።

«እትዬ፣ ሐብሉን ይዘሽልኝ ሂጂ። አባዬ በዓይኑ ይየው» አለችኝ።

እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ሐብሉን ለሠርጓ ራሷ ናት የነደፈችው። ሉል ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው አንድ ዓይነት ክብ ፍሬ የተደረደረበት የወይዛዝርት ጌጥ ነው። የዝና የመረጠችው ጠማማ ጠማማውን፣ አንዱ ካንዱ የማይገጥመውን ነው። በየመሃሉ ቀጭን የብር ጥልፍልፍ አስገብታበታለች። እኔ ብሠራው አላፍርበትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እኔ አላስበውም ነበር።

አዘዞ፣ ኅዳር መጀመሪያ

አውሮፕላኑ አዘዞ ያረፈው ረፋድ ላይ ነው። ገና ቦሌ ሳለሁ ፈታሿ ጥጡን ገልጣ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላኝ ነበር። «ፐርል» አልኳት፤ አሳለፈችኝ። ገበያም ላይ፣ መሥሪያችንም ውስጥ የምንጠራው እንዲሁ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሳልሰለች ፐርል ስል ኖሬያለሁ።

ከአዘዞ ፒያሳ በሚኒባስ ወጣሁ። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ሁለት ዶሮ አቅፈው ስለነበር መንገዱን ሁሉ ቦርሳዬን ከምንቃር ስከላከል ደረስሁ። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ይዤ ቁስቋም ወጣሁ። ሾፌሩ ሁለት መቶ ብር ጠየቀኝ፤ ጉልበቴን አስቤ ሳልከራከር ከፈልሁ። ጥዶቹ ሥር ቁጭ ብዬ የፈረሰውን ግንብ እያየሁ፣ የዝና በዚህ በር ስትገባ አባቷ ከጎኗ ባይኖሩስ ብዬ አሰብሁ። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ወንድም እህትም የላትም።

አምባ ጊዮርጊስ፣ በማግስቱ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ወደ መሪጌታ አገር ተነሣን። ከጎንደር በስተሰሜን መንገዱ እየጠመዘዘ ይወጣል፤ ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቧል። እኔ ከአዲስ አበባ የያዝኩት ስስ ሹራብ መሣቂያ አደረገኝ። አንዱ ተሳፋሪ አዝኖልኝ የባቄላ እሸት ዘገነልኝ፤ ብርዱን ባያስለቅቅም ጥርሴን ሥራ አስያዘልኝ።

አምባ ጊዮርጊስ መውረጃው ላይ የጠበቁኝ አያ ታከለ ናቸው፤ የመሪጌታ ጎረቤት፣ ገበሬ። አምና ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው የዝና ቤት ሰንብተዋል። ወደ መንደሩ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ግራና ቀኙ አጨዳ የደረሰ ገብስ ነው፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ትንሽ እንደሄድን አያ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምነው እሜቴ፣ እንዲያ ያለች ሸጋ ልጅ፣ ያውም የየኔታ ልጅ፣ ጨሌ ስትሰካ ትዋል?»

«ጨሌ አይደለም እኮ አያ ታከለ።»

«ኧረ በዓይኔ አይቻለሁ! ነጭ ጨሌ፣ በሐር ክር። ለየኔታም አልደበቅኋቸው። እንዲህ ያለ ነገር ይደበቃል?»

መንገዱ መሃል ቆምሁ። ጨሌ ለከተማ ሰው የመስታወት ዶቃ ነው። እዚህ ግን የዛር ዕቃ ነው፤ ቄስ ጨሌ የተገኘበትን ቤት ጨሌውን አስወጥቶ፣ አቃጥሎ ነው ጸበል የሚረጨው። መሪጌታ አንድያ ልጃቸው ለዛር ጌጥ የምትሠራ መስሏቸው ኖሯል! አያ ታከለ ግን ክፋት የለባቸውም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። ልቆጣቸው ፈልጌ ተውሁት።

መሪጌታን ያገኘኋቸው ከተማሪዎቻቸው ጎጆዎች ፊት ለፊት፣ ወይራ ሥር ተቀምጠው ነው። ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። «ደኅና ገባሽ ልጄ?» ብለው የገብስ ቆሎና ጠላ አስቀረቡልኝ። እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«አታውጪው።»

«የኔታ፣ ጨሌ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ፐርል ነው።»

«እሷም ስለ ሥራዋ ስታወራኝ ይህንኑ ነው የምትለኝ። በአገሩ ስም የሌለው ነገር ምን ደግ ነገር ይሆናል?»

አፈርሁ። ስም ነበረው እኮ! «ሉል ነው የኔታ» አልኩ። «ከዛጎል የሚወጣው።»

«ሉል? ባሕርይ ነው የምትዪኝ?»

እኔ ባሕርይ የማውቀው ጠባይ ሲሆን ነው። ሉልም በግዕዝ ባሕርይ ትባላለች ለካ። የኔታ ውሃ አስመጡና እጃቸውን ታጠቡ፤ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

ሐብሉን ለዓይናቸው አስጠግተው ፍሬ በፍሬ ዳሰሱት። «አርባ ዓመት ስሟን አስተማርሁ፤ መልኳን ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ። በየፍሬው መሃል ያለውን ቋጠሮ ሲያገኙ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ክሩ ቢበጠስ አንዷ ብቻ እንድትወድቅ ነው አልኳቸው። «መቁጠሪያ ነዋ የሠራችው!» አሉ። ጣታቸው ሐብሉ መሃል ላይ ካለችው ትልቋ፣ ጎባጣዋ ሉል ጋ ቆመ።

«ይቺስ ምነው ጠማማ?»

«ባሕርይዋ ነው የኔታ» አልኩ፣ ሳላስብ።

እስኪያስላቸው ሣቁ። «ሳታውቂው ተቀኘሽ እኮ!»

ከባሕር የወጣች እንደሆነች ሲጠይቁኝ መዋሸት አልቻልሁም። ጨው በሌለው ውሃ የምታድግ ናት፤ ሰው ዛጎሉን ከፍቶ ቅንጣት ሥጋ ያስገባባታል፣ ዛጎሏም ያንን ባዕድ ነገር እየደራረበች ትሸፍነዋለች አልኳቸው። በዓይናቸው ክብሯ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፉ።

«እሷ የሚጎረብጣትን ሸፈነች። እኔ ልጄን ሳልጠይቅ ፈረድሁባት» አሉ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስሁ። አያ ታከለ ጠላቸውን ይዘው ወደ ገብሱ ዞሩ።

ስነሣ አንድ ነገር ለመኑኝ። ጎባጣዋን ሉል። ቃሏን ለሚያጠኑት ተማሪዎቻቸው እንዲያሳዩአት። መቀሴን አወጣሁ፤ ክሩን ቈርጬ፣ ሉሏን ሰጥቼ፣ እዚያው ወይራው ሥር ቦታዋን ባዶ ትቼ ሐብሉን እንደገና ቋጠርሁት። ለየዝናም መልእክት ሰጡኝ።

አዲስ አበባ

መሥሪያው ስገባ የዝና ወንበሯ ላይ ነበረች። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «አባዬ ምን አለ?» አለችኝ። የጨሌውን ነገር ስነግራት በመጀመሪያ ሣቀች፣ ከዚያ ተናደደች። እኔ ግን ከእሷ ይልቅ በራሴ ተናድጄ ነበር። እንጀራ የምበላባትን ነገር በስሟ ጠርቻት ቢሆን ሁሉም ይህን ያህል አይጨነቅም ነበር።

ሐብሉን ተቀብላ እንደ ልማዷ በጣቷ ቈጠረችው። መሃል ላይ ስትደርስ ባዶውን ክር አገኘች።

«ትልቋስ?»

«አባትሽ ጋ ናት።»

ወዲያው ተነሥታ ከመሳቢያው ምትክ ልትፈልግ ጀመረች። እጇን ያዝኩት።

«ቦታዋን ተይላት ብለዋል። በሠርግሽ ቀን ቁስቋም ራሳቸው ያመጧታል።»