የተራገፈው ሂላ

ያን ዕለት ጠዋት ሰሊጥ እያንገዋለልኩ ነበር። ያለፈው ኅዳር ላይ ነው። እስካሁን ሳስበው መጀመሪያ እደነግጣለሁ፣ ኋላ ሳቄ ይመጣል።

ታናሽ እህቴን ብርቄን ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ደባርቅ ነው ያለችው። እግሯ ደክሟል፣ ስልክ የላትም፣ እኔ ያለሁበትን፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለውን ሽንፋን አይታው አታውቅም። ለአጨዳ መጥቶ በሚመለስ ያገሯ ሰው እጅ የምትመጣበትን ቀንና መንገዱን ያስጻፍኩበት ወረቀት ላኩላት። የጻፈችው ይቺው አሁን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

"እማማ፣ ከመስጊዱ እንጀምርላት" አለችኝ።

"ዝም ብለሽ ጻፊ! 'ከመኪናው ስትወርጅ ቀጥ ብለሽ ነይ፤ የልጄ የሙሉ ሂላ ጋ ስትደርሽ ወደ ቀኝ ታጠፊ' በይ።"

ሂላ የምንለው ታጭዶ እንዲደርቅ የቆመውን የሰሊጥ ነዶ ነው። ያኔ ከሩቅ ይታይ ነበር።

እና ያን ጠዋት እያንገዋለልኩ ድንገት እጄ ቀጥ አለ። ሰፌዱ ላይ ያለው ሰሊጥ የዚያው ሂላ ነው! ተራግፎ ከሜዳው ከተነሣ ሰነበተ። ብርቄ ደግሞ የምትመጣው ዛሬ!

ሰፌዱን ጥዬ ተነሣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መኪና መቆሚያው ስደርስ "አንዲት አሮጊት ወረቀት ይዘው ወደ እርሻው ከሄዱ ቆዩ" አሉኝ። በዚያ ሜዳ ብትወድቅ ማን ያያታል?

እርሻው ስደርስ ባዶው ሜዳ መሀል አንድ ጥቁር ጃንጥላ ቆሟል። ከሥሩ ብርቄ ተቀምጣ ውሃ ትጠጣለች። ጃንጥላውን የያዘላት የማላውቀው ሙስሊም ነጋዴ ነው። ወረቀቱን ያነበበላት እሱ ነው፤ ልጄ ሙሉ የሰሊጥ ማራገፊያ ሸራ ከእሱ ሲገዛ እርሻው ድረስ አድርሶለት ኖሮ ቦታውን ያውቀዋል። ሱቁን ዘግቶ፣ እንደ ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሱቁ በኩል አዙሮ አመጣት። ከዚያ ወዲያ ግን ሁለቱም ጨነቃቸው።

"ወደ ቀኝ ይላል፣ እናቴ" ይላል።

"ፊታችንን ወዴት አድርገን? ሂላ ፊት አለው እንዴ?" ትላለች።

ስታየኝ ከመሳም በፊት ወረቀቱን አራገበችብኝ። "እትዬ! ሂላሽ የታለ?" ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን። ነጋዴውን ቤት ግባ ስለው "ሱቄ ተዘግቷል፣ ሌላ ቀን" ብሎ ሄደ። እውነትም ሌላ ቀን እንደ ሻይ የሚፈላውን ቀይ አበባ፣ ከርከዴ ይዞ መጣ። ዛሬ ቤተኛችን ነው።

ብርቄ እስከ ጥር ከረመችልኝ። እንዲያ ባልሳሳት ያን ደግ ሰው ከየት አገኘው ነበር እላለሁ።

ጎረቤቴ ጥሩዬ ግን ያን ማታ ነገሩን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። "ሂላ ማለትዎ ደግ ነው እማማ! 'ደመናው ጋ ስትደርሽ ታጠፊ' ብለው ቢያስጽፉ ኖሮ እህትዎን ሱዳን ድረስ ሄደን ነበር የምንፈልጋቸው።"