ባዶ መኪና ውስጥ የሚያወራው ራዲዮ

ዴልበርት ኖቪትስኪ በሐይቁ ዳር ካለው ብረት ማቅለጫ በጡረታ የተሰናበተ ሰው ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ «አንጥረኞቹ» የተባለው የከተማው ቡድን በእጅ የሚያዘውን ሞላላ የአሜሪካ እግር ኳስ ወደሚጫወትበት ስታዲየም ይሄዳል። ከመግባቱም በፊት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ በመኪና ማቆሚያው ከሰል አያይዞ ከወዳጆቹ ጋር ቋሊማ ይጠብሳል።

ዐምና፣ ቡድኑ ዋንጫ በወሰደበት ዓመት፣ ባለቤቱ ሎሬይን አንድ ቀን ብርዱ ቢበረታባት ጨዋታውን ትታ ወደ መኪናው ተመለሰች። እርሷ ራዲዮ ከፍታ ማዳመጥ ስትጀምር ሲሸነፍ የነበረው ቡድን አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቹ ሁሉ፣ ይልቁንም ጎረቤቱ ቼስተር፣ «ሎሬይን፣ በእመቤታችን ይዤሻለሁ፣ እግርሽ ከመኪናው እንዳይወርድ» እያሉ ይማጠኗት ጀመር። እርሷም እየሳቀች እስከ ዓመቱ ፍጻሜ በዚያ ተቀመጠች። የሕዝቡ ጩኸት ከጋዜጠኛው ቃል ቀድሞ ይደርሳት ነበርና፣ ከራዲዮው በፊት ወሬ የሚነግረኝ የስታዲየሙ ግንብ ነው ትል ነበር። ዋንጫው በተወሰደ በጥቂት ወራት ውስጥ ዐረፈች፤ ነፍሷን ይማርና።

ዘንድሮ ዴልበርት በጎን መቀመጫው ብርድ ልብሷን አንጥፎ፣ ራዲዮውን ከፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ወደ ስታዲየሙ ይገባል። ለማንም አልነገረም። ራዲዮው እስካወራ ድረስ እርሷ ፈጽማ የሄደች አይመስለውም ነበር። ቡድኑ ግን ሽንፈት በሽንፈት ላይ ደረበ፤ ከሰሉን ከበው የነበሩትም ወዳጆች እንደ ቅጠል ረገፉ። ቼስተር ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ እያለ ቋሊማ ያነሣና፣ «የሻምፒዮኖቹ ቀብር መቼ ነው?» ብሎ አፊዞ ይሄዳል። ዴልበርት ዐምና ይጠብስ የነበረውን ያህል ይጠብሳል፤ የተረፈውን ለሐይቁ ወፎች ይበትናል።

የመጨረሻው ጨዋታ ዕለት በረዶ ጣለ። ቡድኑ ገና በጨዋታው እኩሌታ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ዴልበርት ተነሥቶ ወጣ፤ በዙሪያው ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩና «ወዴት ነው?» ያለው የለም። መኪናው ዘንድ ሲደርስ ራዲዮው ዝም ብሏል፤ ባትሪው አልቋል።

በሎሬይን ቦታ ተቀምጦ ብርድ ልብሷን ደረበ፤ ግንቡንም አዳመጠ። አንድ ቀጭን ጩኸት መጣ፤ የደስታ ይሁን የቁጣ ሊለየው አልቻለም። ዐምና እርሱ ከማያውቀው ሰው ሁሉ ጋር እየተቃቀፈ ሲጮህ፣ እርሷ በዚህ ብቻዋን ተቀምጣ እንደ ነበር ያን ጊዜ ታወቀው።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ቼስተር አየው። መኪናውን አስጠግቶ የሁለቱን መኪኖች ባትሪ በኤሌክትሪክ ገመድ እያያያዘ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መብራት ረስተህ ነው?» አለው።

«ራዲዮ ነው።»

«ማን ሊሰማው?»

ዴልበርት፣ «ለሎሬይን ነበር የምከፍተው» አለ። «የሚሰማው ሰው ግን አልነበረም፣ ቼስተር።»

ቼስተር በረዶውን ከኮፍያው አራገፈ። ሞተሩ ሲነሣ ራዲዮውም የሽንፈቱን ወሬ ይዞ ተነሣ። ዴልበርት እጁን ዘርግቶ ዘጋው። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ በጎን መቀመጫው አኖረና ወደ ቤቱ ነዳ።