እናቴ ሚዛን ላይ የወጣችበት ዓመት

አርባ አራት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ከሜልቦርን ወጣ ብሎ ባለው ዌሪቢና አካባቢው የሚኖረው የእኛ ሰው የኢሚግሬሽን ፎርም ሲቸግረው የሚመጣው እኔ ቤት ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንግሊዝኛውን የለቀምኩት ከልጄ የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ ከባቡር ጣቢያ ማስታወቂያና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስሳሳት ከሳቁብኝ ሰዎች ነው። ፎርም ግን ይገባኛል። ፎርም እንደ ነገረኛ ጎረቤት ነው፤ አንዱን ነገር ሦስት ቦታ እያዟዟረ ይጠይቃል፤ ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጠኸው ይተውሃል። ጠዋት አትክልት ማሸጊያ መጋዘን ውዬ፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ፎርም እሞላለሁ። አንድም ተበላሽቶ ተመልሶብኝ አያውቅም ነበር። በዚህ እኮራለሁ። የገዛ እናቴን ጉዳይ ግን ላበላሸው ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ስህተቱ የመጣው ከስደት ነው። ወደዚህ ሀገር ከስደተኞች ካምፕ ስመጣ አርባ አንድ ኪሎ ነበርኩ። ከመምጣቴ በፊት ለቪዛው የጤና ምርመራ የቀረብኩ ቀን ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች አየኝና ሳንባዬን በራጅ አስነሳኝ። አክታ ስጪ አለኝ፤ ሰጠሁ። ድገሚ አለኝ፤ ደገምኩ። ምንም አልተገኘብኝም፤ ቢሆንም አብረውኝ የነበሩት ሲበርሩ እኔ ስምንት ወር ቀረሁ። በካምፑ ሁሉም የሚመክረው አንድ ምክር ነበር፦ ሐኪም ፊት ከመቅረብሽ በፊት ወፈር በዪ፤ ቀጭን ሰው ካዩ ቲቢ አለበት ይላሉ። የራሽን ዘይት ሻይ ውስጥ ጨምሮ የሚጠጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ የእናቴ የቪዛ ተራ እየቀረበ መሆኑን የሚገልጽ ኢሜይል ሲደርሰኝ፣ ሳልውል ሳላድር አዲስ አበባ ከእሷ ጋር ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩ።

"እትዬ፣ እማዬን ቀልቢያት።"

"ምነው? ለገና ልናርዳት ነው?"

"አትቀልጂ። ሐኪም ፊት ልትቀርብ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ሳያት ጉንጯ ገባ ብሏል። በሽተኛ እንዳትመስልብን።"

እህቴ አንድ ነገር ከያዘች የያዘች ናት። ጠዋት ቅቤው እንደ ኩሬ የቆመበት ገንፎ፣ ረፋድ ላይ በሶ በማር፣ ከሰዓት ለስላሳ፣ ሲመሽ ወተት። ወሬው በሰፈሩ ሲዳረስ፣ ጎረቤቱም "ለቪዛው ነው" እያለ ቅቤ በሣህን ይዞ ይመጣ ጀመር። በአራት ወር ውስጥ የእናቴ ፊት የስልኬን መስታወት ሞልቶ ተረፈ።

"እማዬ፣ አምሮብሻል!" እላታለሁ።

"ምኑ ነው ያማረብኝ? ቀሚሶቼ ሁሉ አልገባ አሉኝ። ዚፕ የሚባል ነገር ጠላቴ ሆኗል።"

ከምርመራው እንደተመለሰች ራሷ ደወለችልኝ።

"እንደ ቡና ኬሻ መዘኑኝ" አለች። "ልጅቷ ቁጥሩን አየችና 'እማማ፣ ይውረዱና እንደገና ይውጡ' አለችኝ። እኔማ አድንቃኝ መስሎኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩላት።"

"ስንት ሆንሽ?"

"ዘጠና አራት!" አለች፤ ፈተና አልፎ ውጤቱን እንደሚናገር ልጅ።

"ጎሽ!" አልኳት። ያቺ "ጎሽ" እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ኢሜይሉ መጣ። በሽንቷ ውስጥ ስኳር ተገኝቷል፤ የደም ግፊቷም ከፍ ብሏል፤ ክብደቷም ተጽፏል። የስኳር፣ የልብና የኩላሊት ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋሉ። ሕጉን ያን ቀን ነው በደንብ ያነበብኩት። ውፍረት ብቻውን አያስከለክልም። ነገር ግን አመልካቹ ወደፊት ለሕክምናው ሀገሪቱን ከወሰኑት በላይ ወጪ ያስወጣል ብለው ከገመቱ ቪዛው ይከለከላል። የኪሎው ብዛት ስኳሩን ያስጠይቃል፣ ስኳሩ ኩላሊቱን፣ ኩላሊቱ ደግሞ ሒሳቡን። ለወላጅ ቪዛ ደግሞ ከዚህ ማለፊያ ምሕረት የለም። የሰው ፎርም ስሞላ ስንት ዓመት፣ ይህችን ገጽ "ሐኪም ያውቃታል" እያልኩ ስዘላት ኖሬያለሁ።

በዚያው እሑድ ኖርዝ ሜልቦርን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ መጣ። ኢሜይሉን ቆሞ አነበበ።

"ለካ ሐኪምም ሆነሻል" አለኝ። "እናታችንን እንደ ሙክት አደለብሽና አቀረብሽላቸው።"

"ቲቢ እንዳይሉ ብዬ ነው።"

"እሱ የካምፕ ጊዜ ነው። ሰዉ ሁሉ 'እሷን ጠይቋት' ሲል አንቺም አመንሽው። እማዬ አንቺ ጋ ትምጣ ስል የነበርኩት እኔ ነኝ ሞኙ። ብትመጣም እኔ ጋ ነው የምትኖረው።"

ፋይሉን ከጠረጴዛዬ አንስቶ በብብቱ ያዘ። ከተማ መሃል ላለ ጠበቃ እወስደዋለሁ አለ። በሩን ከፍቼ ሸኘሁት።

ጠበቃው ለተጨማሪ ምርመራው ጊዜ ጠየቀ፤ ተፈቀደልንም። እናቴ በራሷ ቃል አንድ ደብዳቤ ትጻፍ፣ የሐኪሞቹን ውሳኔ ባይለውጥም ፋይሏ ውስጥ ይቀመጥ አለ። ሁለቱን ቋንቋ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ መጻፉ ለእኔ ተመለሰ። መጀመሪያ ግን ለእናቴ እውነቱን መንገር ነበረብኝ።

"እማዬ፣ ያስቀለብኩሽ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ታዲያ መወፈሬ የእነሱን ገንዘብ ይበላል ነው የሚሉት?" አለችኝ።

"ወደፊት ብትታመሚ ለሕክምናሽ የሚወጣውን ገምተው ነው።"

"ገና ለገና?"

"ገና ለገና።"

"ሳልታመም የመድኃኒቴን ዋጋ አወጡ በይኛ!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔ እያለቀስኩ ነበር።

ያን ጊዜ ሁዳዴ ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። አዲስ አበባ ያያት የስኳር ሐኪም፣ በሽታው ገና ደጃፍ ላይ ነው፤ ጣፋጩን ይተዉ፣ ይራመዱ፣ ምግብ ግን በሰዓቱ ይብሉ አላት። የንስሐ አባቷም ሐኪሙ ያለውን አድርጊ አሏት። እሷም ሰዓቱን ሳይሆን ዓይነቱን ጾመች። ቅቤው ወደየባለቤቱ ተመለሰ። ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ባዶ ሻይ። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። እህቴ ከኋላዋ እያለከለከች ስትከተል፣ "የቀለብሽው እኔን፣ የሚደክመው አንቺን" ትላታለች አሉ።

ደብዳቤውን ጽፌ በስልክ አነበብኩላት። "ምስኪን አሮጊት እናታችን" ብዬ ነበር የጀመርኩት።

"'ምስኪን' የሚለውን ሰርዢው።"

"እንዲራሩልሽ ብዬ ነው፣ እማዬ።"

"ራርተውልኝ ከሆነ አልመጣም። አትለማመጭልኝ። ብዕር ያዢ፣ እኔ ልንገርሽ።"

ያዝኩ። እሷ እንዲህ እያለች እኔ ጻፍኩ፦

"ሃያ ስድስት ዓመት የመንግሥት ሆስፒታል አንሶላ አጥቤያለሁ። ደም አጥቤያለሁ፣ ትውከት አጥቤያለሁ። በሽተኛ እንዲድን የሚተኛበት ንጹሕ መሆን አለበት፤ ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ባሌ ሞቶብኝ ሦስት ልጆች ብቻዬን አሳድጌያለሁ፤ ሁለቱ እናንተ ሀገር ይሠራሉ፣ ግብር ይከፍላሉ። ያወፈረችኝ ልጄ ናት። ቀጭን ሰው አትወዱም ብላ ነው፤ እሷን ቀጭን ሆና ስትመጣ ብዙ አንገላታችኋታልና። አሁን እየቀነስኩ ነው። እንደገና መዝኑኝ።"

"የእኔንም ስህተት ልጻፈው?"

"እውነት አይደለም እንዴ? ጻፊዋ።"

ሦስት ቀን መዝገበ ቃላት ይዤ ተረጎምኩት። ጠበቃው አንብቦ አንዲት ቃል አልነካም፤ እንዳለ ይሂድ አለ። ስንት የሰው ፎርም ሞልቼ ስንት ምስጋና ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ግን የለም፤ የኮራሁትም በራሴ አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ ተመርምራ ኪሎዋ ሰማንያ ሦስት ሆነ። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው የስኳር ልኬቷ ደህና ነው ተባለ፤ ልቧና ኩላሊቷም ንጹሕ። ወረቀቱ ከሄደ በኋላ ሰባት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሳምንታት ወንድሜ የሚደውልልኝ "መጣ?" ለማለት ብቻ ነበር፤ እኔም "አልመጣም" ብዬ እዘጋለሁ።

መልሱ የመጣው በምሳ እረፍት ነው። የጎመን ካርቶን ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። የጤና መስፈርቱን አሟልታለች ይላል። ሳላነበው የቀረ መስመር እንዳይኖር አራት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ተሞኝቻለኋ! ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"አለፍሽ፣ እማዬ።"

እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ዘጠና አራት ብሆን ኖሮስ?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ያኔም እኔው ነበርኩ" አለች። ከዚያ በኋላ ነው እልል ያለችው፤ እህቴም ከበስተኋላ ተቀበለቻት።

እናቴ የመጣች ቀን አየር ማረፊያ ሁለታችንም ቀድመን ደረስን፤ እኔ በራሴ መኪና፣ ወንድሜ በራሱ። ከተጣላንበት እሑድ ወዲህ በማን ቤት እንደምታርፍ ትንፍሽ ብለን አናውቅም ነበር። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ጋሪዋን ራሷ እየገፋች ነበር፤ የሚያግዛት ሠራተኛ ባዶ እጁን ከጎኗ ይራመዳል። አቅፈን ስመን፣ አልቅሰን ጨረስን።

ወንድሜ ጋሪውን ተቀበላትና የመኪናዬን ቁልፍ ጠየቀኝ። ሁለቱን ሻንጣ የእኔ መኪና ላይ ጫነ። እናቴን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶዋን አሰረላት። እሑድ እመጣለሁ አለንና ሺፍት ስለነበረበት ወደ ሥራው ሄደ።