የእናቴ የዝናብ ካፖርት

ጂዳ፣ ሳፋ ሰፈር ውስጥ የምሠራበት ቤት ሰዎች ለዑምራ መካ ሲሄዱ፣ ልጆቹን እንድይዝ እኔንም ወሰዱኝ። ማዳም ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ጋደም ስትል እስከ ማምሻው የዐስር ሰላት እንድወጣ ፈቀደችልኝ። ከሆቴሉ ጀርባ ባለ ሱቅ፣ ከአባያዎቹ መሃል፣ የሴት የዝናብ ካፖርት ተሰቅሎ አየሁ።

ለእናቴ ነበር የፈለግሁት። ባለፈው ክረምት ገበያ ስትመላለስ ጋቢዋ እላይዋ ላይ እየረጠበ፣ ሳል ደረቷ ውስጥ ገብቶ እስከ መስከረም አልለቀቃትም። ዘንድሮም እንዳይደገምባት ፈርቻለሁ።

ያስጠረጠረኝ ዋጋው መካከለኛ መሆኑ ነው። ርካሹ ሲያዩት ያስታውቃል፤ ውዱ ለእኔ ቢጤ አይደለም። መካከለኛው ግን ደህናም፣ ርካሹ ራሱም ሊሆን ይችላል።

ባለሱቋ ከወሎ ሰዎች እዚያው መካ የተወለዱ ናቸው። ስነካካው አዩኝ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ መካ ላይ ምን ዝናብ አስፈራሽ?»

«ለአገር ቤት ነው፤ ለእናቴ።»

«እንግዲያስ ይሄ ሙምታዝ ነው፣ አንደኛ!» ጠርሙስ አንስተው ደረቱ ላይ ውሃ አፈሰሱ። ውሃው እየተንከባለለ ወረደ።

አላሳመነኝም። የሚፈስበትን ቦታ የመረጡት እሳቸው ናቸው። ጂዳ ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ቀን፣ የማዳም ግቢ የጥላ ሸራ፣ ጨርቁ ደህና ሆኖ ሳለ፣ በስፌቱ ሲያንጠባጥብ ባልዲ ደርድሬያለሁ። ግን ለመናገር አፈርኩ። እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ።

«እትዬ... እኔ ለብሼው፣ ትከሻው ስፌት ላይ ቢያፈሱበት?»

«ወላሂ! አንገትሽን ደፍተሽ ስትገቢ ምስኪን መስለሽኝ፤ ለካ ከበለዲያ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የመጣሽ ተቆጣጣሪ ነሽ!»

እየሳቁ ጠርሙሱን ትከሻዬ ላይ ገለበጡት። እጄን በውስጥ ሰድጄ ስፌቱን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ብብቱም፣ ኮፍያው የተያያዘበትም ደረቅ።

«ኸላስ? በቃሽ?» አሉኝ።

«ሌላ ጠርሙስ ይኖርዎታል?»

ሁለተኛውንም አፈሰሱት። ከፈልኩ። አጥፈው ላስቲክ ውስጥ ሊከቱት ሲሉ ግን እንደገና ልቤ ተጠራጠረ።

«አሁን ደግሞ ምኑን ነው የምትጠራጠሪው?»

«እናቴን ነው፣ እትዬ።»

በፊት የላክሁላት ጫማ ዛሬም እንደታሸገ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሷ አዲስ ነገር ዝናብ አታስነካም፤ ይህንንም ለዒድ ብላ ታስቀምጠዋለች። ባለሱቋ ይህን ስነግራቸው ሳቃቸውን ተዉና አዲስ እንዳይመስል የዋጋ ምልክቱን ራሳቸው በመቀስ ቆረጡልኝ።

በዚያ ሙቀት ካፖርቱን አባያዬ ላይ ደርቤ ወጣሁ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጂዳ ስመለስ ለብሼው ግቢ አጠብኩ፤ እጅጌውን ጨማደድኩት። ከዚያም ወደ አገር ቤት ለምትገባ ልጅ ሰጠሁትና ለእናቴ በስልክ የድምፅ መልእክት ላክሁላት፦ «ማዳም የተወችው አሮጌ ነው፤ ሳትሳሺ ልበሽው።»

ሐምሌ ላይ መልሷ መጣ። ከኋላዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማል። «ማዳምሽ ምን ብትጠግብ ነው ይህን የምትጥለው? አሁን ለብሼው ከገበያ መግባቴ ነው። ውስጤ ጠብታ የለም። አዲስ ቢሆን ለዒድ ይሆነኝ ነበር።»

ሳል እንደሌለበት እስካምን ድረስ ድምጿን ደጋግሜ ሰማሁት።